የማይታየው የወለሉ ገጽ

የዛሬው የእጅ ሥራ ትምህርታችን ወደ ውሃ ዳር ይወስደናል። የምናነሣው ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ነው፤ ከጀልባውም ሸራውንና ምሰሶውን ትተን ነጂው የሚቆምበትን ወለል እንይዛለን። ወለሉ መበስበሱ እንዴት እንደሚታወቅ፣ አሮጌው እንዴት እንደሚነሣ፣ አዲሱ እንዴት እንደሚገጠምና ውሃ እንዳይገባው እንዴት እንደሚታሸግ እናያለን። የምንጠራቸው ልኮች ስላሉ ወረቀትና እርሳስ ብትይዙ ጥሩ ነው።

ምሳሌያችን ከሲያትል ነው። በዚያች ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ከተማዋም በውሃ የተከበበች ናት። በምዕራብ ጨዋማው ፒዩጀት ሳውንድ፣ በመሐል ሌክ ዩኒየን፣ በምሥራቅ ሌክ ዋሽንግተን አለ። ጨዋማ ያልሆኑትን ሐይቆች ከባሕሩ ጋር የሚያገናኘው እ.ኤ.አ. በ1917 የተመረቀው የባላርድ የጀልባ መተላለፊያ ነው። በሌክ ዩኒየን ደቡብ ዳር ደግሞ የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል የሚባል ተቋም አለ፤ ባለሸራ ጀልባ መንዳትንና የእንጨት ጀልባ ሥራን ለሕዝብ ያስተምራል። እንዲህ ባለ ቦታ አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ዋጋውን ከሚያወርዱት ነገሮች አንዱ ወለሉ ነው። ገዢው ገብቶ ሲረግጠው ይሰረጉዳል፤ ገዢውም ይሄዳል። እኔ ግን ቀሪው አካሉ ደህና ሆኖ ወለሉ ብቻ የረገበ ጀልባ ሊጣል አይገባም ባይ ነኝ። ትዕግሥት ያለው ሰው በጓሮው ሊያድሰው ይችላል።

በመጀመሪያ ወለሉ ለምን እንደሚበሰብስ እንመልከት። የሲያትል የዓመት ዝናብ ሲደመር ከአዲስ አበባው ያንሳል። ሲያትል ያላችሁ ይህን ለማመን ይከብዳችሁ ይሆናል፤ ልዩነቱ ያለው በአወራረዱ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ዶፉን አውርዶ አውርዶ መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ይወጣል፣ እንጨቱም ሣሩም ይደርቃል። የሲያትል ካፊያ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ እየቆየ ይወርዳል፤ በመሐሉ እንጨት የሚደርቅበት በቂ ፋታ የለም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚፈልገው ጎርፍ አይደለም፤ የማይደርቅ እርጥበት፣ ጥቂት አየርና መጠነኛ ሙቀት ይበቃዋል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አይሠራበትም። ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን ግብዣ ተደርጎለታል።

ጀልባ የሚጎዳው በባሕር ውሃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ለእንጨት ግን ከጨው ውሃ ይልቅ የዝናብ ውሃ የከፋ ጠላት ነው። ጨው ፈንገስን ይገታል፤ ጥንት ትልልቅ የእንጨት መርከቦች ሲሠሩ በጎን አጥንቶቻቸው መካከል ጨው ይሞላ የነበረው ለዚህ ነበር። የባሕር ውሃ የራሱ ጠላት አለው፤ እንጨት እየቦረቦረ የሚበላ የባሕር ትል ይኖርበታል፣ ትሉም ጨው በሌለው ሐይቅ ውስጥ አይኖርም። እንግዲህ ሌክ ዩኒየን ላይ የታሰረ የእንጨት ጀልባ ከሥሩ ከትል ይድናል፤ ከላይ በሚወርደው ዝናብ ግን ይበሰብሳል።

አሁን ወደ ጀልባው እንግባ። ካታሊና 22ን እንውሰድ። ፍራንክ በትለር የነደፈው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ መመረት ጀመረ፤ እስካሁን ከ15,000 በላይ ተሠርቷል። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በተጎታች ተጭኖ በመኪና ይሄዳል። በኋለኛው ክፍል ሰዎች የሚቀመጡበትና የመሪው እጀታ የሚያዝበት ክፍት ጉድጓድ አለ፤ ኮክፒት ይባላል። በዚያ ዘመን በተሠሩ በዚህ መጠን ባሉ ጀልባዎች የኮክፒቱ ወለል ብዙ ጊዜ ሦስት ድርብ ነው፦ ከላይ ስስ ፋይበርግላስ፣ ከሥር ስስ ፋይበርግላስ፣ በመሐል እንጨት። ሰው ሲቆምበት የላይኛው ቆዳ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል፤ የመሐሉ እንጨት ሁለቱን አራርቆ ይይዛቸዋል። የወለሉ ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ መራራቅ ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ ሁለቱ ቆዳዎች ለየብቻ ይቀራሉ፤ ለየብቻ ደግሞ ሁለቱም ይተጣጠፋሉ።

ውሃ የሚገባው በወለሉ ሜዳ ላይ እንዳይመስላችሁ። ፋይበርግላሱ ያልተሰነጠቀ ከሆነ በላዩ ኩሬ ቢቆም ለዓመታት አያሳልፍም። ውሃ የሚገባው ሰው በበሳው ቀዳዳ ነው፤ በብሎን ዙሪያ፣ በውሃ መውጫው አፍ፣ የወለሉን ሥር ለማየት በሚከፈተው የመመልከቻ ክዳን ጠርዝ። ፋብሪካ የበሳው ወይም የቀድሞ ባለቤት አንድ ዕቃ ለማሰር የበሳው ቀዳዳ ወደ እንጨቱ ልብ ይወስደዋል። ገብቶ መውጫ ያጣል። ብርድ ሲጠና ይረጋል፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ ቆዳውን ከእንጨቱ ያላቅቀዋል። በተላቀቀው ክፍተት ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ከላይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ወለል ውስጡ ጭቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ለማወቅ የመዶሻ ፕላስቲክ እጀታ ይበቃችኋል። ወለሉን በየጥቂቱ መታ መታ አድርጉ። ደህና ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀ ወይም የበሰበሰ ቦታ ድምፁ ይደፈናል። ድምፁ በተለወጠበት ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ በመጨረሻ ምልክቶቹ ተያይዘው የጉዳቱን ካርታ ይሥላሉ። ከተጠራጠራችሁ ወደ ጀልባው ሆድ ገብታችሁ ከሥር በኩል በቀጭን የትራፓኖ ፑንታ የታችኛውን ቆዳ ብቻ አልፋችሁ እንጨቱን ንኩ። የሚወጣው ፍርፋሪ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ጠቁሮ የሚረጥብ ከሆነ ግን ሥራ አለባችሁ። ቀዳዳዋን በኋላ ኢፖክሲ በሚባለው፣ ከሁለት ነገሮች ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ማጣበቂያ መድፈን አትርሱ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ አቋራጭ መናገር አለብኝ። ወለሉን በብዙ ቦታ በስተው ቀጭን ኢፖክሲ በመርፌ የሚያስገቡ አሉ፤ ብዙ ጀልባ በዚህ ተስፋ ዓመታት ያልፉበታል። እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ቆዳው ብቻ ትንሽ ቦታ ከተላቀቀ ዘዴው ይሠራል። በእርጥብና በበሰበሰ እንጨት ላይ ግን ኢፖክሲው የሚይዘው ነገር የለም፤ ውሃው በያዘው ቦታም አይገባም። እርጥበቱን ቆልፎ መተው ነው። የበሰበሰው መውጣት አለበት፤ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ለዚህ ሥራ ሲያትል ውስጥ የሚመረጠው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ የሚያርፈው ያኔ ነው። ጀልባው ተጎታቹ ላይ ይሁን፤ በላዩ ድንኳን ወይም ሸራ ይዘርጋ። ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ ሆዱ ግቡና ወለሉን ከሥር በእንጨት ድጋፎች አቁሙት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የላይኛው ቆዳ ሲነሣ የታችኛው ብቻውን ሰርጎድ ብሎ ይቀራል፤ አዲሱን እንጨት በሰረጎደው ላይ ካጣበቃችሁ ስርጉዱ ለዘለቄታው ይኖራል፣ ውሃም ያቁርበታል።

ቀጥሎ የላይኛው ቆዳ ይቆረጣል። ክብ መጋዙን በቆዳው ውፍረት ልክ፣ ሦስት ወይም አራት ሚሊሜትር ብቻ እንዲገባ አስተካክሉት። ከወለሉ ዳር ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ቁረጡ፤ የቀረው ከንፈር አዲሱ ፋይበርግላስ የሚያያዝበት ነው። ቆዳውን በመሮ ፈልቅቁት። ከሥሩ የምታገኙት እንጨት በአንዳንድ ቦታ በእጅ ይታፈሳል፣ በአንዳንዱ ደግሞ በመሮ ተለምኖ ነው የሚወጣ። ከከንፈሩ ሥር የገባውንም ቆፍሩ፤ እዚያ የተረሳ ብስባሽ በኋላ መንገዱን ይቀጥላል። ጠንካራና ደረቅ እንጨት እስክትደርሱ ድረስ አታቁሙ። የታችኛው ቆዳ ላይ ስትደርሱ ግን እጃችሁን አለዝቡ፤ እሱ ከተበሳ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ስለ ጤናችሁ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቀላል የአፍ ጨርቅ አይበቃም፣ ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ። ኢፖክሲ ደግሞ ቆዳን እየነካ ሲሄድ ሰውነት አንድ ቀን ይጠላዋል፤ ያ አለርጂ አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም፣ ሰውየውም ከዚያ በኋላ ወደዚህ ሥራ መቅረብ አይችልም። ጓንት ሳታደርጉ ጣሳውን አትክፈቱ። እጃችሁን ከነካ በአሴቶን አትጠቡት፤ ቀጭን ማሟሟያው ኬሚካሉን ወደ ቆዳ ይበልጥ ያስገባዋል። በሳሙናና በውሃ ይታጠብ።

የተቆፈረው ጉድጓድ ይድረቅ። ማራገቢያ አቁሙና ጊዜ ስጡት። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ ዓይኑ አዲሱን እንጨት ያያል። በሳምንት የደረቀ የሚመስል ጠርዝ ውስጡ ገና ሊሆን ይችላል፤ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ከ12 በመቶ በታች እስኪወርድ ጠብቁ።

እስኪደርቅ ስለ እንጨቱ እናውራ። የሚያስፈልገን የባሕር ኮምፔንሳቶ ነው፣ በሌላ ስሙ የባሕር ፕላይውድ። ሲያትል ያለችበት የአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ አካባቢ የኮምፔንሳቶ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ፖርትላንድ በተደረገው ዐውደ ርዕይ ከአካባቢው የዳግላስ ጥድ የተሠራው ኮምፔንሳቶ ለሕዝብ ታየ። ግን ማጣበቂያው ውሃ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኔቪን የተባለ ኬሚስት እዚያው ዋሽንግተን ግዛት አበርዲን ውስጥ ውሃ የማይፈታው ማጣበቂያ አወጣ፤ ኮምፔንሳቶ ለጀልባ ሊሆን የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሌላው የተወደደ ዓይነት ኦኩሜ የሚባለው የአፍሪካ ዛፍ ነው፤ በዋናነት ጋቦን ውስጥ ይበቅላል። ጋቦን እ.ኤ.አ. በ2010 ያልተሰነጠቀ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ከልክላ ዛፉ በአገር ውስጥ እንዲሠራ አድርጋለች። ኦኩሜ ቀላልና ለሥራ የሚገዛ እንጨት ነው።

ሻጭ «ቢኤስ 1088 ማኅተም አለው» ሲላችሁ ምን ማለቱ እንደሆነ እወቁ። ይህ የብሪታንያ መለኪያ ስለ ማጣበቂያውና ስለ ልባጮቹ፣ ማለትም ስለ ተነባበሩት ስስ እንጨቶች ጥራት ይናገራል፤ በውስጡ ባዶ ክፍተት እንዳይኖር ይቆጣጠራል። ባዶ ክፍተት ውሃ የሚሄድበት ቦይ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አይበሰብስም ማለት ግን አይደለም። ኦኩሜ ራሱ ብስባሽን የመቋቋም ኃይሉ ደካማ ነው። ውዱን እንጨት ገዝቶ ጠርዙን ያላሸገ ሰው ገንዘቡን ዝናብ ላይ አስቀምጧል።

የጣና ታንኳ ከዚህ በተቃራኒ መንገድ ይኖራል። ታንኳ አይታሸግም፤ ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ በፀሐይ ይደርቃል፣ ሲያረጅም ሌላ ይታሰራል። ወይ ሙሉ በሙሉ የሚደርቅ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ የታሸገ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። የሚበሰብሰው በግማሽ የታሸገው ነው፤ ውሃ ያስገባል እንጂ አያስወጣም።

አዲሱን ወለል ለመቁረጥ በሜትር ብቻ አትመኑ። የኮክፒት ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ማዕዘኑም ዘጠና ዲግሪ አይደለም። ካርቶን ከጉድጓዱ ትንሽ አሳንሳችሁ አስቀምጡ፤ ሌሎች ቁራጭ ካርቶኖችን ዳሩን እየነኩ በስኮች ለጥፉበት። ሲነሣ የጉድጓዱ ትክክለኛ ቅርጽ በእጃችሁ ነው። በኮምፔንሳቶው ላይ አስቀምጡና ሣሉ። ውፍረቱ ከወጣው እንጨት ጋር አንድ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ 12 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከከንፈሩ ሥር ለማስገባት አንዱን ወለል ሁለት ወይም ሦስት ቦታ መክፈል ያስፈልግ ይሆናል፤ ይህ ነውር የለውም፣ ፋይበርግላሱ መልሶ አንድ ያደርገዋል። ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት ተዉ፤ ያ ክፍተት በኢፖክሲ ይሞላል። ተፋትጎ በመዶሻ የገባ እንጨት ጠርዙ ደርቆ ይቀራል፣ ደረቅ ጠርዝ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ከዚያም በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ በቀጭን ፑንታ ቀዳዳ አድርጉበት፤ ምክንያቱን አሁን እንደርስበታለን።

ማሸጊያችን ኢፖክሲ ነው። የኖኅን መርከብ ታሪክ ያነበበ ቅጥራንን ያውቃል፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት የሰው ልጅ ጀልባውን ያሸገው በእሱና በመሰሎቹ ነበር። በዘመናችን ለውጥ ያመጡት የሚሺጋን ባሕረተኞች፣ ጉጀን የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ሚድ፣ ጃንና ጆኤል እ.ኤ.አ. በ1969 ቤይ ሲቲ ውስጥ የጀልባ ሥራ ከፍተው እንጨትን ከየአቅጣጫው በኢፖክሲ ማልበስን ዘዴ አደረጉት። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ እርጥበቱ የማይወጣና የማይወርድ እንጨት አይሰነጠቅም፣ አይበሰብስም። ይህ የሚሆነው ግን ልባሱ ሁሉንም ገጽ ሲሸፍን ነው። አምስት ገጽ የታሸገ፣ ስድስተኛው የተረሳ ሰሌዳ አልታሸገም። የሚረሳው ደግሞ ሁልጊዜ የታችኛው ነው፤ ከተገጠመ በኋላ የሚያየው ሰው ስለሌለ። የወለሉን ዕድሜ የሚወስነው ግን ያ ገጽና ጠርዙ ነው። እንጨት ውሃ የሚጠጣው ባብዛኛው በተቆረጠው አፉ ስለሆነ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ከቀባችሁ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ የሚጠጣውን ያህል ስጡት።

ስለ አቀባቡ አንድ ምሥጢር አለ። እንጨት ውስጡ አየር አለው። ጠዋት ቀብታችሁ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ አየሩ ያብጥና በልባሱ ውስጥ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ እያንዳንዱ አረፋ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ቀቡ። ያኔ አየሩ እየተኮማተረ ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

የኢፖክሲው ሁለት ክፍሎች፣ ሬዚኑና ማጠንከሪያው፣ የሚቀላቀሉበት ልክ በየዓይነቱ ይለያያል፤ አምስት ለአንድ፣ ሦስት ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ የሚሉ አሉ። የጣሳውን ጽሑፍ አንብቡ። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር አይሠራም፤ ኢፖክሲ በአየር የሚደርቅ ቀለም አይደለም፣ ሁለቱ ነገሮች በልክ ተገናኝተው አንድ አካል የሚሆኑበት ነው። ትርፍ የሆነው ሳይያያዝ ይቀራል፣ ሥራውም ለዘላለም እንደለሰለሰ ይቀራል። ብዙ በአንድ ጣሳ አትቀላቅሉ፤ ሲያያዝ ራሱን ያሞቃል፣ የተከማቸ ከሆነ ሊጨስ ይችላል። ከቀላቀላችሁ በኋላ በሰፊ ሰሃን ብትዘረጉት ይበርዳል፣ ጊዜም ይሰጣችኋል።

አሁን ማጣበቅ ነው። የታችኛውን ቆዳ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ ጥረጉ። ቀጭኑን ኢፖክሲ በሁለቱም ገጾች፣ በቆዳውም በእንጨቱም ቀቡ። ከዚያ የማወፈሪያ ዱቄት ጨምራችሁ በማንኪያ ሲነሣ እንደማይንጠባጠብ ገንፎ እስኪሆን አወፍሩት። ለማጣበቅ የጥጥ ቃጫ ወይም ሲሊካ ያለበትን ዱቄት ምረጡ፤ ለስቱኮ የሚሆነው ቀላሉ ባለ አረፋ ዱቄት እዚህ ጥንካሬ የለውም። ባለ ጥርስ ስፓቱላ ይዛችሁ ቆዳው ላይ ዘርጉ፣ እንጨቱን አስቀምጡ፣ ቀስ እያላችሁ ተጫኑ። ቀደም ብለን የበሳናቸው ቀዳዳዎች ሥራቸው ይህ ነው፤ አየሩ በእነሱ ይወጣል፣ ቀጥሎም ኢፖክሲው ብቅ ይላል። ብቅ ያላለበት ቀዳዳ ካለ ከሥሩ ባዶ ነው፤ እንጨቱን አንሥታችሁ ጨምሩ። በላዩ ፕላስቲክ ዘርግታችሁ የአሸዋ ከረጢት ወይም ውሃ የተሞላ ጄሪካን አስቀምጡ፤ ክብደቱ እኩል ይከፋፈል። ከልክ በላይ መጫን ግን ኢፖክሲውን ጨምቆ ያስወጣውና መጋጠሚያውን ያራቁተዋል።

በማግሥቱ ላዩን ዳስሱት። ሰም የመሰለ የሚያሟልጭ ነገር ይኖረው ይሆናል። በንጹሕ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠቡት፤ ሳታጥቡት በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትጉት ይታሽበታል እንጂ አይለቅም፣ በላዩም የሚመጣው አይይዝም።

ከዚያ የላይኛው ቆዳ ይመለሳል። እኔ አሮጌውን ከመለጠፍ አዲስ ፋይበርግላስ ማልበስን እመርጣለሁ፤ አሮጌው ቆዳ ከአሮጌ ቀዳዳዎቹ ጋር ነው የሚመጣው። የቀረውን ከንፈር በሰያፍ ሞርዱት፤ ልኩ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። ቆዳው ሦስት ሚሊሜትር ከሆነ ሰያፉ ሠላሳ ስድስት ሚሊሜትር ይዘረጋል፤ አዲሱና አሮጌው የሚጨባበጡት በዚህ ስፋት ላይ ነው። ወለሉ ከግድግዳው በሚገናኝበት ማዕዘን የወፈረውን ኢፖክሲ በጣት ውፍረት ክብ አድርጋችሁ ሙሉ፤ የፋይበርግላስ ጨርቅ ሹል ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ከሥሩ አየር ይይዛል። ጨርቁን አንድ በአንድ ዘርጉ፣ በሩሎ እያጠገባችሁ ነጩ ጠፍቶ ጥርት እስኪል ድረስ አየሩን አስወጡ። የአሮጌውን ቆዳ ውፍረት እስክትደርሱ ደርቡ።

ያለፈው ወለል የሞተው በቀዳዳዎቹ በኩል ነውና አሁን የምንደርስበት ቦታ ከሁሉም የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማንኛውም ብሎን በባዶ እንጨት ውስጥ ማለፍ የለበትም። ብሎኑ ስድስት ሚሊሜትር ከሆነ በአሥራ ሁለት ሚሊሜትር ፑንታ ብሱ፣ ቀዳዳውን ከሥር በስኮች ዝጉ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሙሉ፤ ሲጠነክር መሐሉን በስድስት ሚሊሜትር ብሱ። ብሎኑ ዙሪያውን ኢፖክሲ ለብሷል፤ ከዕቃው ሥር የሚቀባው ማሸጊያ አንድ ቀን ቢደክም እንኳ ውሃ እንጨቱን አያገኘውም። ለውሃ መውጫውና ለመመልከቻ ክዳኑም እንዲሁ ነው፤ በዙሪያቸው ያለውን እንጨት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ በኢፖክሲ ተኩት።

ዕቃዎቹ የሚቀመጡበት ማሸጊያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሚለጠጥ መሆን አለበት። ሲሊኮን አትጠቀሙ። ቅሪቱ ቀለምም ኢፖክሲም እንዳይይዝ ያደርጋል፤ በኋላ ማጽዳቱ መከራ ነው። ፖሊዩረቴን በጣም ይይዛል፤ ከመያዙ የተነሣ አንዳንዱን ለማንሣት ፋይበርግላሱ አብሮ ይነሣል፣ ስለዚህ ዳግም ለማይፈታ ነገር ይሁን። ለሚፈታ ዕቃ ፖሊሰልፋይድ ወይም ቡቲል የሚባለው ለስላሳ ጥቅል ይሻላል። ማሸጊያውን ቀብታችሁ ብሎኑን ወዲያው እስከ መጨረሻ አታጥብቁ፤ ሁሉም ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከፕላስቲክ ይቀራል። በመጠኑ አጥብቁ፣ ይርጋ፣ ቀሪውን ያኔ ጨርሱ።

የውሃ መውጫ ቱቦዎቹን ከሥር ሳትመረምሩ አትለፉ። ያረጀ ጎማ ይሰነጠቃል፤ የነሐስ የሚመስል ተራ የቢጫ ብረት መገጣጠሚያ በጨው ውሃ ዚንኩን እያጣ ይሰባበራል። ኮክፒቱ ውስጥ ማዕበል ሲገባ ውሃውን ወደ ባሕር የሚመልሱት እነዚህ ናቸው፤ ከተሰበሩ ውሃው ወደ ጀልባው ሆድ ይገባል። ወለሉም ሲጨረስ ወደ መውጫዎቹ እንዲያዘነብል በውሃ ልክ አረጋግጡ። ጀልባው ሰዎች ከኋላ ሲቀመጡበት ወደ ኋላ ያዘነብላልና መውጫዎቹ ብዙ ጊዜ ከኋላ ናቸው። ተጎታች ላይ ሲቆም ግን አፍንጫው ዝቅ ካለ ውሃው ወደ ፊት ሄዶ ይተኛል። የተጎታቹን አፍ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት።

ቀለሙ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢፖክሲ ፀሐይን አይችልም፤ ሳይሸፈን ከቆየ ይነጣል፣ ይፈረፈራል። የባሕር ቀለም ይቀባ፤ ቀለሙም ፈካ ያለ ይሁን። ጥቁር ወለል በበጋ ፀሐይ እግር የሚያቃጥል ከመሆኑ ሌላ ኢፖክሲውን አሙቆ ያለሰልሰዋል። የመጨረሻው ቀለም ገና እርጥብ ሳለ ደቃቅ ንጹሕ አሸዋ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ዱቄት ነስንሱበት፤ ሲደርቅ ትርፉን ጥረጉና አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቀቡት። ማዕበል ላይ እግር የማያንሸራትት ወለል ሰው ከውሃ ያተርፋል።

ውሃ ላይ ከመውረዱ በፊት ሞክሩት። አንዱ ሰው ከሥር ባትሪ ይዞ ይግባ፤ ሌላው መውጫዎቹን ደፍኖ ኮክፒቱን ቁርጭምጭሚት ድረስ በውሃ ይሙላ። ከሥር ያለው በእያንዳንዱ ብሎንና በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ደረቅ ወረቀት ያስነካ፤ ዓይን ያላየውን እርጥበት ወረቀት ያሳያል። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ መውጫዎቹን ክፈቱና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቀር ተመልከቱ። ጥቂት ካቆረ ቀለሙን በዚያ ቦታ ፍቃችሁ በኢፖክሲ ስቱኮ አስተካክሉ፣ ደግማችሁም ቀለም ቀቡት።

ክረምቱን ስትሸፍኑትም በፕላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ አትሰሩት። ፕላስቲክ ዝናቡን ይከለክላል፣ ከውስጥ የሚወጣውን እርጥበት ግን ይዞ ያስቀራል። ሸራውን በእንጨት ምሰሶ ከፍ አድርጋችሁ ከፊትና ከኋላ ክፍት ተዉት፤ ንፋስ ይግባበት። የወለሉን መመልከቻ ክዳንም ክፈቱት፤ የጀልባው ሆድ ይተንፍስ።